የአባቴ ትከሻና ያቺ ተራጋጭ ጠመንጃ

አባቷን በዘነዘና መታች ተብሎ በኮንዶሚኒየማችን የተወራው ወሬ እውነት ነው። የተጨመረበት ሁሉ ግን ውሸት ነው። ራሱን አልመታሁትም፤ የቤት ካርታም ላስፈርመው አልፈለግኩም፤ ጠጥቼም አልነበረም። የመታሁት ትከሻውን ነው። ያውም እሱ ራሱ ለምኖኝ፣ ያውም ከመታሁት በኋላ "ምነው ትለማመጪኛለሽ? እሷ እንዲህ አትለማመጥም!" ብሎ ተቆጥቶኝ ነው።

"እሷ" የሚላት ጠመንጃ ናት።

ሰው ልቡ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልናገር፤ ጠመንጃዋ እኛ ቤት ገብታ አታውቅም። አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የስፌት መኪናዬና የአባቴ አልጋ በመጋረጃ ተከፋፍለው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ እንኳን ጠመንጃ ረጅም ጃንጥላም አይዞርም። እሷ የምትኖረው ሰሜን ሸዋ፣ አባቴ በተወለደበት ገጠር፣ በአጎቴ ቤት ነበር። ፈቃድ አላት። ረጅም ናት፣ ከባድ ናት፣ ከሸለቆው ማዶ ማሽላ የሚፈጅ ዝንጀሮ ላይ ትደርሳለች ይባላል። ችግሩ ከፊቷ ያለውን የምትመታውን ያህል ከኋላዋ ያለውንም መምታቷ ነው። ተራጋጭ ናት። አንዴ ሰርግ ላይ አንድ ትከሻው ሰፊ ሚዜ ከሰው እጅ ነጥቆ ተኮሳትና ሄዶ የተቀመጠው ሊጥ ገንዳ ውስጥ ነበር። ሙሽሮቹ ተረስተው ሰው ሁሉ ሚዜውን ሲያጥብ ዋለ። በዚያ አገር ያቺን ጠመንጃ ተኩሶ በሁለት እግሩ የቆመ ሰው ስሙ ይነሳል፤ ስማቸው ከሚነሳው ጥቂት ሰዎች መካከል ደግሞ አባቴና ታላቅ ወንድሙ ይገኙበታል።

ያ ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ሞተ። በዚያው ሰሞን አባቴ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ሲጋፋ ወድቆ፣ ቀኝ ትከሻው ተሰብሮ፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። በዚህ ዕድሜው ለምን እንደሚጋፋ ስጠይቀው "ሰው ሁሉ ሲጋፋ እኔ ቆሜ ልይ?" ነበር መልሱ። እሱ በጀሶ ተጠቅልሎ እያለ ወንድሙ ተቀበረ። በአገሩ ልማድ ትልቅ ሰው ሲቀበር ይተኮስለታል፤ የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩሰውም ወንድም ካለ ወንድም ነው። ወንድም ስላልተገኘ የአጎቴ የበኩር ልጅ ተኮሰ። ለቀብር ያልደረሰ የቅርብ ዘመድ ግን በሙት ዓመቱ ተኩሶ ሐዘኑን መወጣት ይችላል። አባቴ ያን ዓመት ሙሉ የኖረው ለዚያች አንዲት ጥይት ነበር።

"አልቀበርኩት፣ አልተኮስኩለት፣ እንግዲህ ምኑ ነኝ?" ይለኝ ነበር፤ ቁርስ ላይም፣ ዜና ላይም፣ ሻወር ቤት ሆኖም።

ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። "አባባ፣ አጥንቱ ገጥሟል። ግን ከባድ ነገር አያንሱ፣ አይግፉ፣ አይጎትቱ" አለው። አባቴ ትንሽ አሰብ አደረገና "መተኮስስ?" አለ።

"ምን መተኮስ?"

"ጠመንጃ።"

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። "እሱን... እሱን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ በመጨረሻ። አባቴ ይህን እንደ ፈቃድ ወሰደው። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "ሰምተሻል፣ አልከለከለኝም" እያለ አጠገቡ ለተቀመጡት ሁሉ ምስክር እንዲሆኑ ያወራ ነበር።

የከለከልኩት እኔ ነኝ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ልብስ የምሰፋላቸው ደንበኞቼም ያውቁታል። ለሰርጓ ሳምንት ሲቀራት ወፍራ የመጣች ሙሽራ ከእኔ አፍ የምትሰማውን ከጠላቷም አትሰማም። "ይህ ትከሻ ሁለተኛ ቢሰበር ማን ሊያለብስህ ነው? ማን ሊያጥብህ ነው? አጎቴ ተነስቶ ያጥብህ?" አልኩት። እሱም አኮረፈ። ቴሌቪዥን ማየት አቆመ። ሐኪም ቤት የሰጡትን ላስቲክ እየሳበ ስፖርት መሥራት አቆመ። ላስቲኩን በር እጀታ ላይ ሰቅሎት፣ እኔ ስገባና ስወጣ ፊቴን እየመታኝ ሰነበተ።

አንድ ቀን ከሰዓት የአጎቴ ልጅ ደወለ። አባቴ ስልክ ከጆሮው አርቆ ስለሚይዝ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ልጁ ስለ ድግሱ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ በሬው አወራና "እርስዎ ግን ምን አደከምዎት? መጥተው ቁጭ ብለው ይዩ። ይረፉ። እኔ እተኩሳታለሁ፣ ለምጃታለሁ" አለ። ከዚያ ሳቀ። "ደግሞ እርስዎን አንዴ ከመታችዎት የሁለት ሰው ተዝካር ልንደግስ ነው!"

አባቴ "እሺ" አለ።

አባቴ በሕይወቱ እሺ ብሎ አያውቅም። እንኳን ለወንድሙ ልጅ ለእናቴም ብሎ አያውቅም። ያቺን እሺ ስሰማ ደሜ ፈላ። ስልኩን ከእጁ መነጨቅኩና "ይተኩሳል! አባቴ ነው የሚተኩሰው፤ አንተ ጥይቷን ብቻ አዘጋጅ!" ብዬ ዘጋሁት። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከበር እጀታው ላይ ላስቲኩን አወረደ።

አፌ ቀድሞኝ ሄዷል፤ አሁን የቀረው ተራጋጭ ጠመንጃን ጭምት ማድረግ ነበር። እኔ የማውቀው ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ጨርቅና ስፖንጅ። ኮልፌ አስፋልቱ ዳር ባለችው ሱቄ ሙሽራ አለብሳለሁ። የሌላትን ትከሻ፣ የሌላትን ዳሌ፣ የሌላትን ሁሉ በስፖንጅ እሰጣታለሁ። አንዲት አጥንት ምን ያቅተኛል ብዬ ክብ ክብ የሆኑትን ሁለት ስፖንጆች ደራርቤ ሸሚዙ ውስጥ ሰፋሁለት። ደስ አለው። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል፣ ማንም አያየውም። በማግስቱ ምሳ ሊያደርስልኝ ሱቅ መጣና መስኮቱ ላይ ባለችው አሻንጉሊት ደረት ላይ እነዚያኑ ክብ ስፖንጆች ተሰክተው አየ። ቬሎውን ገና አልለበሰችም ነበር። አንዴ እሷን፣ አንዴ ትከሻውን እያየ ቆየ።

"ልጄ" አለኝ በጣም ዝግ ብሎ፣ "ወንድሜን በዚህ ነው የምሸኘው?"

ስፖንጁን ፈታሁት። የሶፋ ስፖንጅ ገዛሁ። ይህኛው ጨዋ ስፖንጅ ነው፤ ግን ይሥራ አይሥራ እንዴት ይታወቃል? ጠመንጃዋ ሩቅ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብትኖርም አይተኮስባትም። ያኔ ነው አባቴ "ምቺኝ" ያለው። መጀመሪያ በቡጢ ሞከርኩ። "ይሄ መዳሰስ ነው" አለ። በወንበር እግር ሞከርኩ። አልበቃውም። ከዚያ ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ በርበሬ የምወቅጥበትን ወፍራም ዘነዘና ይዞ መጣ። "ጫፉ ልክ እንደ ሰደፏ ነው" አለ፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የጠመንጃዋን እንጨት ማለቱ ነው።

ቤቱ ስለሚጠብ ኮሪደር ላይ ወጣን። አባቴ መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ አቅፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአስኮ በኩል ወዳለው ሰማይ አነጣጠረ። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ዘነዘናውን በሁለት እጄ ይዤ፣ "ጷ!" ሲል ትከሻውን መግፋት ነበረብኝ።

"ጷ!"

ገፋሁት።

"ለማኝ ነው እንዴ እንዲህ የምታባርሪው? ምቺ!"

"አባዬ፣ ያምሃል!"

"ይመመኝ! እንዲያመኝ አይደል ወይ! ጠንከር አድርጊ! ጷ!"

ያን ጊዜ ተናደድኩና ከልቤ ሰነዘርኩ። አባቴ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን መታ፤ መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ። የጎረቤቴ በርም በዚያው ቅጽበት ተከፈተ። ጎረቤቴ ጸሎተኛ ናት፣ ጴንጤ፤ ሰው ሲቸገር ቀድማ የምትደርስ ደግ ሴት ናት። እኔን ከነዘነዘናዬ አየችኝ። አባቴን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ትከሻውን ሲያሽ አየችው። "ዋቃዮ!" ብላ አምላኳን ጠራች። ከዚያ በሯን በዝግታ ዘጋችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ያ በዝግታ የተዘጋው በር ነው ያስፈራኝ።

እሁድ ሽማግሌዎች መጡ። የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር፣ ጎረቤቴ ነበረች፣ ከታች ፎቅ ደግሞ ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። ሶፋችን ላይ ተቀምጦ "በጋራ መኖሪያ ሕንፃችን የአረጋውያን አያያዝን በተመለከተ አንዳንድ ቅሬታዎች" ብሎ ጀመረና ስለ ውኃ ታንከር፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ዞሮ፣ ወደ ዘነዘናው ሲደርስ ሻዩ ቀዝቅዟል።

"እኔ ነኝ ምቺኝ ያልኳት" አለ አባቴ።

ጎረቤቴ እንባዋ መጣ። "አያችሁ? የተመታ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለው። ልጃቸው ናት፣ እንዴት ብለው ይክሰሷት!"

"አይደለም፣ እውነቴን ነው። ጠንከር አድርጊ ያልኳትም እኔ ነኝ።"

"ኧረ ጌታ ሆይ!"

እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ምን እንደፈራ ገባኝ። እዚህ ሕንፃ ላይ "ጠመንጃ" የሚል ቃል ከሦስተኛ ፎቅ ቢወጣ ምድር ቤት ሲደርስ መትረየስ ይሆናል፤ ጦር ኃይሎች ሲደርስ ታንክ ነው። እኔን ነፃ ለማውጣት ጠመንጃዋን መጥራት አለበት፣ ጠመንጃዋን ከጠራ ደግሞ ቤቴ ይፈተሻል ብሎ ፈርቷል። ስለዚህ የተመታ አባት ሆኖ መቅረትን መረጠ። እኔም አባት ደብዳቢ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ስለ ሥነ ምግባር ሲመክረኝ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ለሰው አንገቴን ደፍቼ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሃምሳ አለቃው ወደ አባቴ ጠጋ አሉ። "እስቲ ትከሻዎን ልየው" አሉት አባቴን። አባቴ እያቅማማ ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። ሰማያዊው ምልክት ክብ ሆኖ፣ ከትከሻው አጥንት ወረድ ብሎ፣ ስርጉድ ያለችው ቦታ ላይ አርፏል። ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ቀና አሉ። አባቴን ዓይን ዓይኑን አዩት። አባቴም አያቸው።

"የትኛዋ ናት?" አሉ ሃምሳ አለቃው።

"ረጅሟ" አለ አባቴ።

"ወይኔ! ያቺ ተራጋጯ?" አሉ፤ ዓይነቷን ከውትድርና ዘመናቸው ያውቋታል።

ከዚያ በኋላ ሽምግልናው ፈረሰ። አባቴ እፎይ ብሎ ሁሉንም አወራ፤ ወንድሙን፣ ቀብሩን፣ ጀሶውን፣ የወንድሙን ልጅ ሳቅ። ጠመንጃዋ አገር ቤት እንዳለችና ፈቃድ እንዳላት ደጋግሞ ማለ። ጎረቤቴ እንደገና አለቀሰች፤ አሁን ለአጎቴ ነው። እኔን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀችኝና በቁጣ መንፈስ ላይ ስትጸልይ መሰንበቷን ነገረችኝ። "ተይው፣ ጸሎቱ አይጠፋም፣ አለብኝ" አልኳት።

ሁሉም ምክር ነበረው። ሊቀመንበሩ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር ባሌስትራ፣ ያ የመኪና ንጥረት የሚያበርደው ብረት፣ ይገጠም አለ። ጎረቤቴ ትራስ አመጣች። ሃምሳ አለቃው ግን የሶፋ ስፖንጄን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው አሳዩኝ። "ለስላሳ ነገር ያታልላል። እሷ በዚህ ስፖንጅ ውስጥ ሮጣ ሮጣ ነው ትከሻውን የምታገኘው። የሚገታት ነገር ስፊ። ደግሞ አስጠግቶ፣ ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ይያዛት፤ ክፍተት ካገኘች ተንደርድራ ነው የምትመጣው።" ወርደው የጥንት ብርድ ልብሳቸውን አምጥተው ሰጡኝ። ቢያቆሙት የሚቆም ወፍራም ነገር ነው። ሊቀመንበሩ በበኩሉ ጎሚስታ ቤት ሄዶ የከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ ያን የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቆርጦ ይዞልኝ መጣ። አንድ ንብርብር ብርድ ልብስ፣ አንድ ላስቲክ፣ እንደገና ብርድ ልብስ፣ እንደገና ላስቲክ እያደረግኩ በወፍራም መርፌ ሰፋሁት። ብዙ መርፌ ሰበርኩበት። ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው ኮሪደር ላይ ዘነዘናውን አነሱና ያለ ምሕረት ሰነዘሩ። አባቴ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመው አጨበጨቡ። ሰባት ቀን ሙሉ እንዳላሙኝ!

ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነገር የት ይሁን የሚል ነበር። ሰደፏ ላይ እናንጠልጥለው ብንል የአጎቴ ልጅ በስልክ እንቢ አለ። "የአባቴን ጠመንጃ ጫማ ልታለብሷት ነው?" አለን። ኮት ውስጥ ሰፋሁት፤ አባቴ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን አየና "አንዱ ትከሻዬ ሚኒስትር፣ አንዱ ትከሻዬ ዘበኛ መሰለ" ብሎ አወለቀው። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ጋቢው ውስጥ ሰፋሁት። ጋቢ ወፍራም ነው፣ ይደራረባል፣ አራት እጥፍ ሥር ምን እንዳለ ማን ያያል? ቦታውን ለክቼ፣ ጋቢውን እንደሚለብሰው አልብሼ፣ በነጭ ክር ስፌቱ እንዳይታይ አድርጌ ሠራሁት። ለየትኛዋም ሙሽራ እንደዚያ ተጠንቅቄ አልሰፋሁም። ሲለብሰው ልክ ስርጉዷ ላይ ያርፋል። ኮራሁ። ሃምሳ አለቃው እንኳ ዞር ዞር ብለው አይተው "ይሄ ለሠራዊቱ መቅረብ አለበት" አሉ።

በሙት ዓመቱ ቀን ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥቶ ሸለቆው አፋፍ ላይ ካለው ሜዳ ተሰበሰበ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ቆምን። የአጎቴ ልጅ ጠመንጃዋን ይዞ መጣ። እኔ በአካል ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ከእኔ ቁመት ብዙ አታንስም። አባቴ ወደ መሃል ወጣ። ጋቢው አምሮበታል፤ ትከሻው ላይ ምንም አይታይም። ከሴቶቹ መሃል ሆኜ ስፌቴን እያየሁ ፈገግ ልል ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ አባቴ እጁን ጋቢው ላይ አደረገና ቆም አለ።

ለትልቅ ሰው ሲቆሙ፣ በቁሙ ላለም ለሞተም፣ ጋቢን ከትከሻ አውርዶ ወገብ ላይ ማሸረጥ የአገሩ ክብር ነው። ማደግደግ ይባላል። ይህን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አይቻለሁ። ስለካ፣ ስሰፋ፣ ስኮራ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም። እሱም ገና ያኔ ነው የገባው፤ አንገቱን መለስ አድርጎ በሰው መሃል ፈለገኝ። እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ ተወው፣ አታውርደው፣ ሽማግሌ ነህ፣ ማንም አይቀየምህም ማለቴ ነው። በእጄም፣ በዓይኔም፣ በከንፈሬም ነገርኩት። አጠገቤ የነበሩ ሴቶች ሐዘኑ አሳበዳት ብለው ውኃ አቀረቡልኝ።

አባቴ ጋቢውን አወረደ። ወገቡ ላይ አሰረው። የብርድ ልብሱና የከመነዳሪው ንብርብር፣ ያ ሁሉ ድካሜ፣ ከኋላው ቂጡ ላይ ተንጠለጠለ። ትከሻው ላይ የቀረው ስስ ሸሚዝ ብቻ ነበር። ሁለት ወጣቶች ያን አበጥ ያለ ነገር አይተው ተጠቃቀሱ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ለጠመንጃዋ ዘረጋ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ወንዶቹ መሃል ነው። የአጎቴ ልጅ "አንቺ፣ ወዴት ነው? ወደ ሴቶቹ ሂጂ" አለኝ። "ዞር በል፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን" አልኩት። አባቴ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ሁለቱንም መዳፌን ከትከሻው ኋላ ለጠፍኩ፣ እግሬን መሬት ላይ ተከልኩ፣ ግንባሬን ጀርባው ላይ አስደገፍኩ።

"አባዬ፣ ይዤሃለሁ። አይዞህ፣ አትወድቅም።"

አንገቱን ዘወር አድርጎ አየኝ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አላለም። ሰደፏን ትከሻው ውስጥ አስገባ፣ ሸለቆውን አሻግሮ ወደ ባዶው ሰማይ አነጣጠረ። "ወንድም ዓለም" ሲል ሰማሁት።

ዘነዘናው ሁሉ ጨዋታ ነበር። ርግጫው በአባቴ ትከሻ አልፎ እጄ ላይ፣ ከእጄ ክርኔ ላይ፣ ከክርኔ ጥርሴ ላይ ደረሰ። እግሬ ጫማዬን እዚያው ትቶ ወደ ኋላ ሄደ። ግን ይዤው ነበር፤ አልለቀቅኩትም፤ አባቴ በሁለት እግሩ ቆሟል። ከሸለቆው ማዶ ድምፁ ተመለሰ፣ ሴቶቹ እንደገና ዋይታቸውን አነሱ። አባቴ ጠመንጃዋን በግራ እጁ ለወንድሙ ልጅ መለሰለት። ልጁ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ተቀበለው።

"ደህና ነህ?" አልኩት።

"ደህና ነኝ" አለ። ላብ አጥምቆት ነበር።

ዓለም ባንክ ስንመለስ ቤቱ በሰው ተሞላ። ጠመንጃዋ የሕንፃው ጉዳይ ሆናለች። ሊቀመንበሩ መጣ፣ ጎረቤቴ ዳቦ ይዛ መጣች፣ ሃምሳ አለቃው ከሁሉ ቀድመው ተቀምጠዋል። አባቴ ቀኝ እጁን በነጠላዬ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በግራ እጁ ሻይ ይጠጣል። ትከሻው እንደገና አልተሰበረም፤ ግን ከአንገቱ እስከ ክንዱ ድረስ ጠቁሯል፤ ሐኪሙም ሲያየው ምንም አልጠየቀም። እኔ ታሪኩን ቆሜ፣ በተግባር እያሳየሁ ተረኩላቸው። ጋቢው ሲወርድ ሊቀመንበሩ ራሱን ያዘ። ወንዶቹን ጥሼ ስገባ ጎረቤቴ እልል አለች። ከጀርባ ሆኜ የደገፍኩት ጋ ስደርስ ሃምሳ አለቃው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

"ከኋላ ሆነሽ ምን አደረግሽ?"

"ደገፍኩታ! ባለኝ ኃይል!"

"በስመ አብ!" አሉ። "ልጄ፣ ሰው ከጠመንጃ የሚተርፈው ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነው። ትከሻው ሸሸት ይላል፣ ወገቡ ሸሸት ይላል፣ ርግጫው እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል። ግድግዳ ተደግፎ የሚተኩስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ግድግዳ ሆንሽበት እኮ! ብትተዪው ኖሮ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆም ነበር። ሁሉንም አጥንቱ ላይ አስቀረሽበት።"

አባቴን አየሁት። እሱ ሻዩን እያማሰለ ነው።

"አባዬ፣ ይህን ታውቅ ነበር?"

"ምኑን?"

"ከኋላ እንደማይደገፍ።"

"አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የተኮስኩት" አለ። "እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ዞር በይ አላልከኝም? አንድ ቃል ነው! እኔ እዚያው ነበርኩ! አይተኸኛል፣ ዘወር ብለህ አይተኸኛል!" እየጮህኩ ነበር። ስደነግጥም የማውቀው መጮህ ነው።

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ጠመንጃዋን ስቀበል እኮ ብቻዬን ነበርኩ" አለ። "ወንድሜ የለም። እናትሽ የለችም። የነበርነው ሁሉ አልቀን፣ ያ ሜዳ ባዶ መሰለኝ። ዘወር ብዬ ሳይ አንቺ መጥተሽ ቆመሻል። ታዲያ ሂጂ ልበልሽ?"

እንባዬ መጣ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ስኳር ላምጣ ብዬ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ስኳሩ ያለው ሳሎን ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም ፊት ነበር። አንድም ሰው አልጠራኝም።